ለክብር መዝገቡ ክፍል ይሰጠው

ለሸዋ ሮቢት ከተማ አስተዳደር
ሸዋ ሮቢት

ጉዳዩ፦ አንድ ክፍል ስለመጠየቅ

ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ የምጠይቀው አንድ ክፍል ነው። የመኖሪያ ቦታ አይደለም፣ የንግድ ሱቅም አይደለም፤ በስሜ የሚዞር ካርታ የለውም። ማመልከቻ ጽፌ ለመዝገብ ቤት ብሰጥ ኖሮ ቁጥር ወጥቶለት ፋይል ውስጥ ይተኛ ነበር። መዝገብ ቤት ለማማት ብዬ አይደለም፤ የፋይል ጠባዩ ነው። ጉዳዩ ግን የከተማውን ሰው ሁሉ የሚነካ ስለሆነ ፖስታውን ሳላሽግ ላክሁት። ገበያም፣ መናኸሪያም፣ የሽንኩርት ማሳ ዳርም ይነበብ።

ነገሩ የሚጀምረው በጥር 1986 ነው። ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ ሥራ ይዞ እዚያው ሊያገባ ሆነና “ፊርማው ማዘጋጃ ቤት ነው፤ አባባ ምስክር እንዲሆኑልኝ” ብሎ ላከብን። እኔ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርሁ። አባቴ አዲስ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ለድግሱ የሚሆን ግማሽ ኩንታል ሽንኩርት አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭነው፣ እኔን በመስኮቱ በኩል አስቀምጠው ጉዞ ጀመርን። አርማንያን አለፍን፤ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ተገዛ። ጣርማ በር ዋሻው ውስጥ ስንገባ ብርዱ ጥርሴን ሲያንቀጫቅጨኝ አይተው ጋቢያቸውን ገልጠው ከተቱኝ። የቆላ ልጅ ብርድን የሚያውቀው እዚያች ዋሻ ላይ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ከቸርችል ጎዳና አናት፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ደረጃ ሥር ቆምን። አባቴ ደረጃውን አዩ። ማማው ላይ ያለውን ሰዓት አዩ። ዘወር ብለው ደግሞ ቁልቁል እስከ ለገሃር የሚወርደውን ጎዳና አዩ።

“የማን ቤት ነው?” አሉ።

“የከተማው ሰው ቤት ነዋ” አለ ወንድሜ።

“እኔ እንደሁ የከተማው ሰው አይደለሁ።”

“አንቱ ዛሬ ምስክር ነዎት። ዛሬ የአንቱም ነው።”

ደረጃውን በዝግታ ወጣነው። መፈረሚያው ክፍል ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ፣ በላዩ ላይ ደግሞ ሁለት ሰው ተጋግዞ የሚገልጠው የሚመስል ትልቅ መዝገብ ነበር። ሹሙ ሙሽሮቹን ጠየቁ፣ ጻፉ፣ አስፈረሙ። ከዚያ የምስክሮች ተራ ደረሰ፤ ሕጉ ከየወገኑ ሁለት ሁለት ሰው ይፈልጋል። አባቴ መጻፍ አይችሉም ነበር። በመሠረተ ትምህርቱ ዘመቻ ጊዜ ቀን መስኖ፣ ማታ ዘብ ስለነበሩ ፊደሉ “ሀ ሁ” ላይ ተቋርጦባቸው ቀርቷል። ወንድሜ አፈረ፤ ፊቱ ላይ አይቼዋለሁ። ሹሙ ግን ከመቀመጫቸው ተነሡ። መዝገቡን ወደ አባቴ አዙረው፣ የጣት ቀለሙን ከፍተው፣ የግራ አውራ ጣታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው “እዚህ ጋ ነው ጌታዬ” አሉ።

አባቴን ጌታዬ ያላቸው ሰው ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። ቃሉን እሳቸው ለሌላ ሰው ሲሉት ነው የማውቀው። መጥረጊያ ወረቀት ሲሰጣቸው አመስግነው ተቀብለው፣ አራት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት እንጂ ጣታቸውን አልጠረጉበትም። የድግሱን እንጀራ በቀኝ እጃቸው በልተው፣ የግራውን ሳይታጠቡ ሸዋ ሮቢት ተመለሱ። “ይኸው፣ ማዘጋጃ ቤት የፈረምሁበት” እያሉ ለጎረቤት ሲያሳዩ ከረሙ። ቀለሙ ራሱ በመስኖ ውሃ እየለቀቀ ሄደ።

ስለ ሕንፃው ያወቅሁት በኋላ አድጌ ነው። የነደፈው በወጣትነቱ አሥመራ መጥቶ ሥራ የጀመረ፣ ኋላም አዲስ አበባ የገባ አርቱሮ መዜዲሚ የሚባል ጣሊያናዊ ነው። በ1953 የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽም የእሱ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ተከትሎ በ1950ዎቹ አጋማሽ ተሠራ። የአፍሪካ አዳራሽን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ የአፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወት ያለበት፣ ግንቦት 17 ቀን 1955 የ32 አገሮች መሪዎችና ተወካዮች የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ያቋቋሙበት ነው። ይህን ሳነብ መጀመሪያ የመጣብኝ አባቴ ናቸው። የ32 አገሮች ፊርማ ያረፈበትን አዳራሽ የነደፈው እጅ፣ የአንድ የይፋት ገበሬ አውራ ጣት ያረፈበትንም ቤት ነድፏል።

ማዘጋጃ ቤቱ ከታደሰ በኋላ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ለጉብኝት ሄጄ ነበር። አካባቢው ተለዋውጧል፤ ከፊት ለፊቱ በየካቲት 2016 የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ቆሟል። ደረጃው ግን ያው ነው። ሰው ሁሉ ደረጃው ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ከመካከላችን ስልኩን በጩኸት ሲያወራ የመጣው እንኳ ሳይነገረው ዘጋ። የቴአትሩን አዳራሽ አየን፣ የስብሰባውንም። እኔ ግን ዓይኔ ሌላ ይፈልግ ነበር። “የጋብቻ ፊርማው የቱ ጋ ነው?” ብዬ አንዱን ሠራተኛ ጠየቅሁት። ልጁ ፈገግ ብሎ፣ ምዝገባው ዛሬ በየወረዳው መሆኑን ነገረኝ።

ልክ ነው፤ አገልግሎቱ ለሰው ቀርቧል። አንድ ጥንድ ከአቃቂ ወይም ከየካ ተነሥቶ ፒያሳ ድረስ የሚመላለስበት ምክንያት የለም። ነገር ግን እዚያው ደረጃ ላይ ቆሜ ያሰብሁትን ልንገራችሁ። አዳራሹ አምሮ ተወልውሎ ቀረ፤ ተራው ሰው አዳራሹን ይገባበት የነበረው ጉዳይ ግን ወጥቶ ሄደ። ጉዳዩ የሄደበት ቦታ ደግሞ አዳራሽ የለውም። የእኔ ጥያቄ ከዚህ ክፍተት የመጣ ነው።

ክፍተቱን ሌላ ከተማ ላይ በዓይኔ አይቻለሁ፤ የከተማውንም የቢሮውንም ስም አልጠራም። የእህቴ ልጅ ጋብቻዋን ስታስመዘግብ ምስክር ሆኜ ሄድሁ። ቢሮው ጠባብ ነው። ጠረጴዛው ላይ የሻይ ብርጭቆ፣ የደረሰኝ ጥራዝ፣ የተቆለለ ፋይል አለ። ከፊታችን የልደት ካርድ ፈላጊ፣ ከኋላችን የቀብር ማስረጃ ፈላጊ ቆሟል። ሙሽሮቹ የፈረሙት ቆመው ነው፤ ጎንበስ ብለው፣ አንደኛው ብዕሩን ለሌላው እያቀበለ። ኃላፊው ስልክ በትከሻውና በጆሮው መሀል ይዞ “ኮፒ አላችሁ?” አለን። እህቴ አላስቻላትም፤ ልጇ ስትፈርም እልል አለች። ወዲያው ከጎን ካለው ክፍል አንድ ሰው በሩን ከፍቶ “ኧረ ዝም በሉ! ስብሰባ ላይ ነን” አለ። እልልታው ጉሮሮዋ ላይ ቀረ። ወጥተን መንገድ ዳር ባጃጅ ስንጠብቅ ልጨርሰው ብላ ሞከረች፤ አልመጣላትም።

ኃላፊውን አልወቅሰውም። በቀን ስንቱን እንደሚያስተናግድ ወረፋው ይናገራል። የጎደለው ጨዋነት ሳይሆን ቦታ ነው። በዚያች ጠረጴዛ ላይ የ1986ቱ ሹምስ ቢቀመጡ፣ ተነሥተው መዝገብ የሚያዞሩበት ስንዝር መች ያገኛሉ?

ክቡራን፣ ቋንቋችን አንድ ነገር ይዟል። ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት የሚመዘገብበትን ነገር ሕጋችን የሚጠራው “የክብር መዝገብ” ብሎ ነው፤ የሚመዘግበውን ሰው ደግሞ “የክብር መዝገብ ሹም” ብሎ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንዲህ ነበር፣ በ1992 በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም እንዲሁ ነው፣ ከ2008 ጀምሮ አገር አቀፍ ምዝገባ የተጀመረበት የ2004ቱ አዋጅም ሹሙን በዚሁ ስሙ ይጠራዋል። ከዚሁ አዋጅ ጋር ግን “ወሳኝ ኩነት” የሚል ቃል መጣና በየበሩ ተለጠፈ። ቃሉን ያወጡት ሰዎች ምሁራን ናቸው፤ አልከራከራቸውም። ብቻ አንዲት የገበያ ሴት “ኩነት” ሲሏት ምን እንደሚመጣባት እጠራጠራለሁ። “ክብር መዝገብ” ሲሏት ግን ነጠላዋን ታስተካክላለች።

ማዘጋጃ ቤት የሚለውም ቃል እንዲሁ ነው። ከለመድነው ብዛት አንሰማውም እንጂ፣ የሚዘጋጅበት ቤት ማለት ነው። ማን ነው የሚዘጋጅለት? የሚመጣው ሰው ነዋ። ቤት ያሰናዳ ሰው እንግዳውን በመስኮት አያነጋግርም። እኛ ግን ማዘጋጃ ቤት የምንሄደው ግብር ልንከፍል፣ ክብ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ልናወጣ፣ ወይም “ነገ ተመለስ” ልንባል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ የምናየው መስኮቱን ብቻ ነው።

አዳራሽ ለሸዋ ሰው ባዕድ ነገር አይደለም። ዛሬ አንድነት ፓርክ የሚባለው የምኒልክ ግቢ በመስከረም 2012 ለሕዝብ ሲከፈት ያን ትልቅ የግብር አዳራሽ ስንቶቻችን አየነው። ግብር ሲበላ ሹማምንቱ ቀድመው ይገባሉ፣ ንጉሡ ሲመገቡ መጋረጃ ይጋረዳል፣ ከዚያ መጋረጃው ይነሣና ሠራዊቱ በየተራ እየገባ ይበላል። ሥርዓቱ የበላይና የበታች የሚለይበት ነበር፤ ይህን ማስዋብ አልፈልግም። ቢሆንም የመጨረሻው ተራ ሰው እንኳ የሚገባበት ተራ ነበረው፤ የሚቀመጠውም እዚያው ጣሪያ ሥር ነበር።

ከዚያ በፊት የሸዋ ቤተ መንግሥት አንኮበር ነበር፤ ከእኛ ቆላ ሽቅብ ሲታይ ጭጋግ የሚለብሰው ገደል ላይ። የሸዋ በር ደግሞ ይፋት ነበር። ከታጁራ የተነሣ ሲራራ ነጋዴ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ፋሬ ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ አልዩ አምባ ገበያ ይወጣል። እንግሊዛዊው ካፒቴን ሃሪስ ደብዳቤና ስጦታ ይዞ ሲመጣ በዚሁ መንገድ ነው የመጣው፤ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር በኅዳር 1834 ውል የተፈራረሙትም አንጎለላ ላይ ነው። ይፋትን በንጉሡ ስም የሚያስተዳድሩት ወላስማ መሐመድ ነበሩ። ወላስማ የሚለው መጠሪያ ከ13ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ ይፋትን ከገዛው ሥርወ መንግሥት የወረደ ነው። የዚያ ዘመን ከተሞች ፍርስራሽ፣ አስበሪም ኖራም፣ ከተራራው እግር ሥር ዛሬም አለ። ኖራ ላይ የመስጊዱ ግድግዳ ቆሟል። ሰባት መቶ ዓመት ገደማ ሆኖት የቆመ ድንጋይ ያለበት አገር ልጆች ነን። ስለ ከተማችን ሲጻፍ ግን “ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በደሴ መንገድ ላይ የምትገኝ” ተብሎ ያልቃል።

አለበለዚያም ማረሚያ ቤቱ ይነሣል። “ሸዋ ሮቢት ወረደ” ከተባለ ሰውዬው ሽንኩርት ሊጭን እንዳልሄደ አገር ያውቃል። የሚገርመው፣ በሣህለ ሥላሴም ዘመን የንጉሡ ወንድሞችና ዘመዶች የሚታሰሩት እዚሁ ይፋት፣ ጎንጮ ላይ፣ በወላስማው እጅ ነበር። ስማችን ከእስር ጋር የታሰረው ዛሬ አይደለም መሰለኝ። ታዲያ ሰው በራሱ ፈቃድ ገብቶ ደስ ብሎት የሚወጣበት አንድ የመንግሥት ክፍል ቢኖረን ምናለበት?

ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ላምጣ፤ ሩቅም አይደል፣ በቴሌቪዥን ሁላችንም አይተነዋል። ኅዳር 30 ቀን 2012 ጠቅላይ ሚኒስትራችን የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲቀበሉ ሻይ ቤቱ ሁሉ ሞልቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ በሰላም በኩል የሆነውን እናንተም እኔም ስላየነው እዚህ አልመለስበትም። አዳራሹን ግን ልብ ብላችሁታል? ኦስሎ ማዘጋጃ ቤት ነው። ሽልማቱ ከ1983 ወዲህ እዚያ ነው የሚሰጠው። ግድግዳው ላይ በግዙፉ የተሣለው የአገሬው ሰው ኑሮ፣ ሥራውና በጀርመን ወረራ ጊዜ ያየው መከራ ነው። ዓለም የሚያየው ሥነ ሥርዓት የሚካሄደው ዓሣ አጥማጅና ሠራተኛ በተሣለበት ግድግዳ ፊት ነው። ሌሎቹ የኖቤል ሽልማቶች የእራት ግብዣ የሚደረግበት የስቶክሆልም ማዘጋጃ ቤትም፣ ንጉሥና ሊቃውንት በሚገቡበት ቤት ተራ ጥንዶችን ያጋባል።

ኦስሎን እንሁን ማለቴ አይደለም። እናንተም ልትሉኝ የምትችሉት ቃል ከወዲሁ ይሰማኛል፦ “ውሃው፣ መንገዱ፣ የወጣቱ ሥራ፣ ጸጥታው እያለ አንተ የሠርግ ክፍል ትጠይቃለህ?” በኅዳር 2014 ጦርነቱ ከተማችን ድረስ እንደመጣ አልረሳሁም። የተፈናቀለ ሰው ያደረበትን የትምህርት ቤት ክፍል አውቀዋለሁ። ውሃና ክፍል በሚዛን ከተቀመጡ እኔም ድምፄን ለውሃ እሰጣለሁ። ምርጫው ግን እንደሱ አይደለም። ለግማሽ ቀን ስብሰባ የሆቴል አዳራሽ ተከራይተን፣ ባነር አሳትመን፣ በየወንበሩ ፊት ሁለት ሁለት የላስቲክ ውሃ ደርድረን፣ አበል ፈርመን የምንበተንባት ከተማ ናት። የጠየቅሁት ክፍል ዕቃ ከአንድ ሁለት እንዲህ ያለ ስብሰባ ወጪ የሚያልፍ አይመስለኝም። ለዚያውም አንዴ ወጥቶ የሚቀር ነው።

ሌላም ፍርሃት አለኝ፤ እሱም “ክፍል ይሰጥ” ከተባለ በኋላ የሚመጣው ነገር ነው። ወርቅ ቅብ ወንበር፣ ቀይ ምንጣፍ፣ የጣሪያ ጌጥ፣ በሩ ላይ “ቪአይፒ” የሚል ጽሑፍ ይመጣና ክፍሉ የሚከፈተው ከክልል እንግዳ ሲመጣ ብቻ ይሆናል። ቁልፉም አንድ ሰው ኪስ ይገባል፤ ሰውዬው ደግሞ ዘወትር ስልጠና ላይ ነው። እንዲህ ከሆነ ይቅርብን። መዜዲሚ የሠራው ደረጃ አባቴን ያስከበራቸው በጌጡ ብዛት አይደለም። ሰፊ ነበር፣ ወደ ላይ ይወስድ ነበር፣ በሩም ክፍት ነበር።

ስለዚህ የምጠይቀውን በግልጽ ላስቀምጥ። በአስተዳደሩ ግቢ ካሉት ክፍሎች መሬት ላይ ያለ፣ አሮጊትም አካል ጉዳተኛም ያለ ደረጃ የሚገቡበት፣ መስኮቱ ነፋስ የሚያስገባ አንዱ ለክብር መዝገብ ይለቀቅ። በእኛ ቆላ ሙቀት ነፋስ ቅንጦት አይደለም፤ የተሸፈነች ሙሽራ ጠይቁ። አንድ ጥሩ ጠረጴዛ ይግባበት፤ ከከተማችን አናጢዎች እጅ ይሠራ። ለሙሽሮች ሁለት፣ ለምስክሮች አራት፣ ለሹሙ አንድ ወንበር፣ ከግድግዳው ዳር ደግሞ ለቤተሰብ ረጅም አግዳሚ። ለመዝገቡ መቆለፊያ ያለው ቁም ሣጥን ይኑር፤ ጦርነት ሲመጣ ወረቀት ምን እንደሚሆን አይተናል። በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀን ለጋብቻ ብቻ ይሁን፤ በዚያ ሰዓት ከጎን ያለው ክፍል ስብሰባ አይያዝበት። እልልታ የሚፈቀድበት የመንግሥት ቢሮ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው እኛ ብንሆን የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ግድግዳው ባዶ አይሁን። ፎቶ ቤቶቻችን የድሮ የከተማውን ፎቶ አያጡም፤ አዋጅ ቢነገር ሰው ከየሣጥኑ ያወጣል። የመንገዱ፣ የመስኖው፣ የትምባሆ እርሻው፣ የመጀመሪያዎቹ ሻይ ቤቶች ፎቶ ይሰብሰብ። የኖራ መስጊድ ግድግዳ ፎቶና የአንኮበር ጋራ ፎቶ ጎን ለጎን ይሰቀሉ። እንኳን ደህና መጣችሁ የሚለው በአማርኛም፣ በአርጎብኛም፣ በአፋርኛም፣ በኦሮምኛም ይጻፍ፤ ገበያችን ላይ የሚሰማው አራቱም ነውና። ከሰሙ ሮቢ መጥቶ ከብት የሚሸጥ አፋርም፣ ከተራራው እግር ጥለት ይዛ የምትመጣ የአርጎባ ሴትም ገብተው የራሳቸውን ነገር ካላዩበት የከተማው ክፍል አይባልም። በጎረቤት መካከል ደም ሲፈስ ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው የሚያስታርቁት ዕርቅ ቀለምና መዝገብ ቢያስፈልገው፣ የሚጻፈውም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ይሁን።

በዓመት አንድ ቀን ደግሞ በሩ ለጎብኚ ይከፈት። ተማሪ ይምጣ። ከንቲባው የሚቀመጡበትን ወንበር ይይ፣ ምክር ቤቱ እጅ የሚያወጣበትን አዳራሽ ይይ፣ የከተማው በጀት የሚጸድቅበትን ወረቀት ይንካ። ከንቲባ የሚለው ማዕረግ ከጎንደር ነገሥታት ዘመን ጀምሮ የወረደ መሆኑን ራሳቸው ከንቲባው ይንገሩት።  ልጅ አንድ ጊዜ ገብቶ ያየው ቢሮ ሲያድግ አያስፈራውም። እኔ ራሴ ምስክር ነኝ፤ ከዐሥራ አንድ ዓመቴ ወዲህ የመንግሥት ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ አይንቀጠቀጥም።

ይህን ደብዳቤ ዛሬ የጻፍሁበትን ምክንያት ነግሬ ልሰናበት። ያ በ1986 አዲስ አበባ የፈረመው ወንድሜ ሴት ልጅ አድርሷል። ልጅቷ የእኛን አገር ልጅ ወድዳ፣ በመጪው ጥር ፊርማዋ እዚሁ ሸዋ ሮቢት ነው። ከሙሽራዋ ወገን አንዱ ምስክር አባቴ ናቸው፤ እሷ ራሷ ነች “አያቴ ካልሆኑ” ያለችው። ሰባ አምስት አልፏቸዋል፤ ጉልበታቸው ደክሟል፤ ብዙ መቆም አይችሉም። የልጅ ልጆቻቸው ፊደል አስቆጥረዋቸው ባለፈው ክረምት ስማቸውን መጻፍ ተማሩ። ማታ ማታ መብራት ሥር ተቀምጠው የደብተር ገጽ ሙሉ ስማቸውን ይጽፋሉ፤ የመጨረሻዋ ፊደል አንዳንዴ ከመስመር ትወጣባቸዋለች። “ቀለም እንዳያቀርቡልኝ ንገር” ብለውኛል። “በዚህኛው በብዕር ነው።”

ክፍሉ እስከ ጥር ባይደርስ እረዳለሁ። አንድ ወንበር ግን ከጠረጴዛው ፊት አስቀምጡላቸው፤ ተቀምጠው ይፈርሙ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የሸዋ ሮቢት ኗሪ